ለናፍቆት ዓሣዎች የመረጥነው ውሃ

ለውዷ እህቴ ለእታለም ትርሲት፤

ይህ ደብዳቤ ያን ሁሉ የፎቅ ደረጃ ወጥቶ ከእጅሽ እንዲገባ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመምስ ለቀቀሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ፊታቸው ተፈታ ወይስ እንደተኮሳተሩ ናቸው? ቤይሩትም ሰላም የላትም ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ልቤ አላረፈም፤ ደህና መሆንሽን በሰው በሰውም ቢሆን ላኪልኝ። እኔና ልጅሽ ናፍቆት ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብልሽ ግን ውሸት ይሆናል፤ አንቺ ደግሞ ውሸቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ከፊቴ ላይ ታነቢው ነበር፣ ከወረቀት ላይም አይጠፋሽም።

የስልኩን ነገር ታውቂዋለሽ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ ናፍቆት ፊትሽን አላየችም። ድምፅሽንም ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ለፋሲካ ነው፤ ያውም መስመሩ እየተቆራረጠ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ያልሽው ብቻ ነው። መንገዱም ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ይዘጋል፤ እንደ ጓሮ እንመላለስባት የነበረችው ባሕር ዳር ዛሬ ባሕር ማዶ ሆናለች። ይህን ደብዳቤ ማረው የሚባል ነጋዴ አዲስ አበባ ከዘለቀ፣ ወደ አንቺ አገር ለምትመለስ ሴት አደራ ይሰጥልኛል። እንግዲህ አጋጣሚው ከተገኘ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ አስተማሪ ነኝና ማሳጠር አይሆንልኝም።

ስለ ማህደር ነግሬሽ ነበር፣ ከአዲስ አበባ ተመድባ መጥታ ከጎናችን ያለውን ክፍል ተከራይታ ስለነበረችው የግብርና ባለሙያ። ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ሲብስ አገሯ ገባች፤ ስትሄድም በመስታወት ዕቃ የምታኖራቸውን ሁለት ቀያይ ዓሣዎች ለናፍቆት ተወችላት። እሷ ወርቃማ ዓሣ ትላቸው ነበር፤ የግቢው ሰው ግን ከጣና ቀረሶና አምባዛ ሌላ ዓሣ አያውቅምና የማይበሉት ዓሣዎች አላቸው። ናፍቆት ሻንጣውን ተደግፋ ስታለቅስ ጊዜ ማህደር ደህና አድርገሽ ከያዝሻቸው እናትሽ እስክትመጣ ይኖራሉ አለቻት። ለማባበል ያለችው ነው። ልጅሽ ግን እንደ ኪዳን ያዘችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ የምታየው እነሱን ነበር፤ ለእኔ የማትነግረኝን ሁሉ ለእነሱ ትነግራቸው ነበር፣ አንዳንዴም አንቺን መስለው እንዲመልሱላት ታደርጋለች።

ሐምሌ ላይ ማህደር የተወችላቸው የተገዛ ምግብ አለቀ። ከባሕር ዳር እንዳይመጣ መንገድ የለም። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ የዓሣ ወጥ ቤት ሆንኩ። ሩዝ እንደሆነ ፎገራ ላይ ሞልቷል፤ የሩዝ ዱቄት አበስልና የተቀቀለ ጎመንና የእንቁላል አስኳል አድቅቄ ለውሼ፣ በትሪ ላይ ስስ አድርጌ ምድጃ ዳር አደርቀዋለሁ፤ ሲደርቅ በጣቷ እየፈረፈረች ትሰጣቸዋለች። አከራያችን ባየህ በደጄ ባለፈ ቁጥር ሚስት ያጣ መምህር ለዓሣ ይዳራል እያለ ይስቅብኛል። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ናፍቆት ዓሣዎቹም መጾም አለባቸው ብላ ተጨነቀችና ቄስ ተክለ ማርያምን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ጺማቸውን ይዘው አሰቡና ዓሣ ሥጋም ቅቤም ቀምሶ አያውቅምና ከተፈጠረ ጀምሮ ጿሚ ነው አሏት። የባየህ ሚስት ደብሬ ግን ቄሱም ቢፈቅዱ በሱባኤ እንቁላል በድስቴ አይቀቀልም አለች፤ እኔም በጣሳ ቀቀልኩ። አየሽ፣ እስከዚህ ድረስ ስቀናል።

ችግር የሆነብን ውሃው ነው። ማህደር ስትሄድ አጥብቃ የነገረችን ይህንኑ ነበር፤ ምግባቸው የሚለወስበት ውሃ ሆዳቸው የሚገባ ነውና ሰው የጠጣው ሁሉ ለእነሱ ይሆናል አትበሉ ብላናለች። መብራት ከጠፋ ወዲህ ቧንቧው ደርቋል፤ ቀድተን ያሳደርነው በርሜል ለሚዋኙበት ብቻ ተቆጥቦ ነበር። የግቢው ጉድጓድ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ከሽንት ቤቱ ጋር ይገናኛል። እኛ የምንጠጣው መድኃኒት እየጨመርንበት ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለዓሣ አይስማማም። ከሩዙ ማሳ የሚወርደው ቦይ እንዳይቀዳ ገበሬው አረም ማጥፊያ የሚረጭበትን ዕቃ የሚያጥበው እዚያ ነው። ሁሉም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብኝ። በመጨረሻ ከሰማይ የሚመጣ ምን ይከፋል ብለን የዝናብ ውሃ መረጥን። የባየህ ቆርቆሮ አዲስ ነው፤ የመጀመሪያውን ዶፍ ጣራውን እንዲያጥብ እንተወዋለን፣ ቀጥሎ የሚወርደውን እናጠራቅማለን፣ በዚያ ላይ አፈላዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ጥንቃቄ አለ?

ነሐሴ ሲጋመስ ዝናቡ ሊያባራ ነውና የምናቆይበት ዕቃ አጣን። ደብሬ ይህን ሰምታ ነጭ ጀሪካን ይዛ መጣች። እታለም፣ ይህቺ ሴት ክፉ እንዳትመስልሽ፤ ናፍቆትን እንደ ልጇ የምታበጥር፣ ያላትን የማትሰስት ናት። ጀሪካኑን ልክ ለዓመት በዓል ጋን እንደሚታጠበው በግራዋ ደጋግማ አሽታ አጥባዋለች፤ ከዚያም ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ከፍ አድርጋ ይዛ በወይራ አጥናዋለች። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ የወይራው ሽታ ደስ የሚል ነበር። ከመድኃኒት ሽታ የሸሸን ሰዎች በወይራ ሽታ ተታለልን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

በዚያ ውሃ የለወስኩትን ምግብ የሰጠናቸው ጳጉሜን ላይ ነው። በማግስቱ ትንሹ ዓሣ በጎኑ ተኛ፤ ትልቁ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይከፍታል ይዘጋል። ናፍቆት መስታወቱን በሁለት እጇ አቅፋ ትንፋሽ አጠረው፣ ትንፋሽ አጠረው ትላለች። ከበርሜሉ ቀድቼ ውሃ ለወጥኩላቸው፤ ምን እንደማደርግ አላውቅምና እንደገና ለወጥኩላቸው። ሲመሽ ሁለቱም ከላይ ተንሳፈፉ። ልጅሽ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ባየህ ከአረም ተመልሶ የሆነውን ስነግረው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ጀሪካኑን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ባለፈው ዓመት የሩዝ አረም ማጥፊያ ገዝቶ ያመጣበት ነው። ደብሬንም ጠራት። እሷ ምን እንደነበረበት አልካደችም፤ ግራዋ የማያወጣው፣ ወይራ የማያጠፋው ምን አለ ብላ እኛኑ ጠየቀችን። እኔ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ዕቃውን ማን ይጠይቃል፤ ውሃውን ብቻ ነበር የምንመረምረው። ማፍላቱም መርዝ እንደማያወጣ ለተማሪ አስተምሬዋለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ጀሪካኑ መንታ ነበረው። ደብሬ የታከመ ውሃ ስለሚያቅለሸልሻት ሁለተኛውን እንዲሁ አጥባ አጥና፣ ለራሷ የዝናብ ውሃ እየቀዳች ስትጠጣ ከርማለች። ራሷን የሚያዞራት፣ የሚያስመልሳት ጾሙ ስለጎዳት ነው ስትል ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደናታል፤ እነሱም ባሕር ዳር ትታይ ብለው ጻፉላት፤ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ግን አልጻፉም። እስካሁን ተኝታለች። የግቢው ሰው ዓሣዎቹ ባይሞቱ ደብሬ ያን ውሃ እንደጠጣች ትቀር ነበርና ለሰው ቤዛ ሆኑ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ማጽናኛ አልወድም። ለናፍቆት ማን ነው ይህን የሚነግራት?

በማግስቱ ጠዋት ባየህ ዓሣዎቹን ከአጥር ውጭ ሊጥላቸው ሲል ናፍቆት ከእጁ ነጥቃ ከሎሚው ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፈረች። ቄስ ተክለ ማርያም ደብሬን ሊጠይቁ መጥተው ነበርና አዩዋት። ለዓሣ ጸሎት እንደሌለ እሷም እሳቸውም ያውቃሉ። አፈሩን መልሳ እስክትጨርስ ድረስ ግን ጥላቸውን ዘርግተው አጠገቧ ቆሙ፤ ስትነሣ መስቀላቸውን አሳለሟት። እኔ ከቤት ሆኜ አየሁ፤ መውጣት አቃተኝ።

እንቁጣጣሽ ዋለ። በአዲስ ቀሚሷ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተቀመጠች። አበባዬሆሽ የሚሉት ጓደኞቿ መጥተው ቢጠሯት አልሄደችም። አመሻሽ ላይ ምሳዋ እንደተከደነ መሆኑን አይቼ ስገሥጻት፣ አጎቴ፣ እናቴ ያልመጣችው ዓሣዎቹ ስለሞቱ ነው? አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ መንገዱ ነው፣ አየር ማረፊያው ነው፣ አሠሪዎቿ ናቸው አልኳት። ምክንያት በበዛ ቁጥር እምነቷ እያነሰ ሲሄድ ፊቷ ላይ አየሁት። እታለም፣ ልቆጣሽ አልፈልግም፤ አንቺም እዚያ በሰው እጅ ነሽ። ግን ለዚህች ልጅ ከእንግዲህ በዓል እየጠራሽ ቀን አትስጫት። የማትመጪ ከሆነ አልመጣም በያት፤ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትበላለች። እንዲህ በተስፋ አፏን ከፍታ ከምትቀር ይሻላል። ይህን ከአንቺ ሌላ ለማን ልናገረው?

ባየህ እጅ ነሥቷል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በደጄ ሲያልፍ አይቀልድም። ቄስ ተክለ ማርያም በሰላም ለአገሯ ያብቃት ብለውሻል። ደብሬ ከተኛችበት ሆና ይቅር በይኝ በላት ብላለች፤ አንቺ ይቅር በያት፣ እኔም ልቤ እስኪመለስ እየጠበቅሁ ነው፤ ማታ ማታ አጥሚት እየሠራሁ ስወስድላት ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ይመስለኛል። አሠሪሽንም አሮጊቷን ሰላም በይልኝ፤ አምላክ ልባቸውን ለአንቺ እንዲያራራልኝ ስል ነው።

ናፍቆት ይህን ስጽፍ ከጎኔ ቆማለች። ፊደል ትለያለችና ከላይ የጻፍኩትን በክንዴ ሸፍኜባታለሁ። ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብላት ብዙ አሰበች። ዓሣዎቹ ደህና ናቸው በላት፣ ትልቁማ ዕቃው ጠቦታል በላት አለችኝ። እሺ ብያታለሁ። እንግዲህ ስልኩ ሠርቶ ድምፅዋን የሰማሽ ቀን ይህንኑ ስትነግርሽ አትጋፊያት፤ አንቺ ግን መምጫሽን እውነቱን ንገሪያት።

ወንድምሽ አያልነህ
ወረታ፣ መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.