ለልዑሉ የተጨመረችው ዓይን

ቡሬ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

የዛሬውን ለዚህች ደብተር እንጂ ለሰው አልናገረውም። ህንዳዊውን የሒሳብ መምህር መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ ያዋሱኝን ሥዕል ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ስለ ብርዱ አወራኋቸው!

ሥዕሏ መዳፍ የምታህል፣ ከአባታቸው የወረሷት ናት። በአገራቸው የጥንት ታሪክ ያለ ሰማያዊ ገላ ልዑል፣ የተጠለፈች ሚስቱን ሊያስመልስ ዐሥር ራስ ያለውን ንጉሥ በቀስት ሲወጋ ታሳያለች። ለምጽፍበት መጽሔት ስለ እሷ ላዘጋጅ ተውሼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚሥሉት መሪጌታ አሳየኋቸው።

"ጻድቁ የትኛው ነው?" አሉኝ። ልዑሉን ጠቆምኳቸው። ጎረቤታቸውን ሰላም ብዬ ስመለስ ብሩሻቸውን እየጠረጉ ነው። በጎን በተሣለው ልዑል ጉንጭ ላይ ሁለተኛ ዓይን ሥለውለታል!

"ምነው መሪጌታ! የሰው ንብረት እኮ ነው!"

"በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሓዲ ነው። ጻድቅ ነው ብለሽኝ የለም እንዴ?"

"በእነሱ አገር ሁሉም በጎን ነው የሚሣለው!"

"እንግዲያ የሚያርማቸው አጥተዋል። ከኋላው ያለችውን ሚስቲቱንስ እንዲሁ በአንድ ዓይን ልንተዋት ነው?"

ይቅርታው ቀርቶ ምስጋና ይጠብቃሉ! እኒያ ደግ መምህር አምነው ሰጥተውኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው? ይባስ ብሎ የሚያበግነኝ ደግሞ የጨመሯት ዓይን ማማሯ!

ነገ ጠዋት መሪጌታን ይዤ መምህሩ ቤት እሄዳለሁ፤ ራሳቸው ይናዘዙ። እሺ ብለዋል። የመጣውን ሁሉ ከዚህች መስመር ሥር አሰፍረዋለሁ፤ ብቻ መሪጌታ "ብሩሼንም እይዛለሁ" ብለውኛል።