የአቶ ሴፕቲመስ ብራድኖክ ሕይወትና የሁለት ያርዱ ትርፍ

አቶ ሴፕቲመስ ብራድኖክ ከአባታቸው ከአቶ ጆብ ብራድኖክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬዝያ ፕሪስ፣ በሽሮፕሺር በኦክስሊ ግሪን መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1926 ተወለዱ። ለቤቱ ሰባተኛ ልጅ ነበሩ። አዋላጇ ሕፃኑን በጨርቅ ከመጠቅለሏ በፊት ርዝመቱን በስንዝር ለክታ «ይኼስ ከበሩ አያልፍም» ማለቷ በቤተሰቡ ይነገራል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ያልተለካ ነገር ዕረፍት ይነሣቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገቡ። የሒሳብ መምህራቸው ሊያስተምሯቸው መጥተው ከእርሳቸው ተምረው እንደሄዱ የማያውቅ የለም።

በ1942 ሉድሎ ከተማ በሚገኝ የመሬት ቀያሾች ቢሮ በተለማማጅነት ተቀጠሩ። መቶ ቀለበት አንድ ሰንሰለት፣ አራት ዘንግ አንድ ሰንሰለት፣ አሥር ሰንሰለት አንድ ፈርሎንግ፣ ስምንት ፈርሎንግ አንድ ማይል የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙት ነበር። አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው በመመንዘር በመላው እንግሊዝ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር። ያ ሰው አቶ አምብሮዝ ሃልስ ይባላሉ፤ የዚያው መንደር ልጅ ናቸው፤ ዛሬም በዚህ የስንብት ጸሎት ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።

ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተቀጥረው በአንድ ጠረጴዛ ሠሩ። አለቃቸው «ሰባት ፈርሎንግ ሦስት ሰንሰለት ሲጎድለው ስንት ጫማ ይሆናል?» ሲሉ አቶ ሴፕቲመስ አፋቸውን ሊከፍቱ አየር ሲስቡ አምብሮዝ «አራት ሺህ አራት መቶ ሃያ ሁለት» ብለው ሻያቸውን ፉት ይሉ ነበር። ሻይ መጠጣታቸው ደግሞ ከመልሱ ይበልጥ ያናድድ ነበር። በዚያ ላይ አምብሮዝ መልከ መልካም፣ ከአያታቸው የወረሱት ባለ ነሐስ ምልክት የመለኪያ ሰንሰለት ያላቸው፣ በክሪኬትም ኳሳቸው ከዓይን ቀድሞ የሚደርስ ወርዋሪ ነበሩ። ይህም ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት በአንዲት ልጅ ላይ መሆኑ ነው፤ በእንጨት ቆራጩ በአቶ ኢኖክ ያፕ ልጅ፣ በሎይስ።

በ1951 የመንደሩ ክሪኬት ሜዳ ከወንዙ ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲዛወር፣ ልኩን የማውጣት ክብር ለአቶ ሴፕቲመስ ተሰጠ። በጨዋታው ሕግ ወርዋሪው ኳስ ከሚለቅበት እንጨት፣ መቺው እስከሚቆምበት እንጨት ያለው ርቀት ልክ አንድ ሰንሰለት፣ ማለትም ሃያ ሁለት ያርድ ነው። የቢሮው ሰንሰለት ሌላ ሥራ ላይ ነበርና በመንደሩ የቀረው የአምብሮዝ ብቻ ሆነ። ተዋስ ቢሏቸው «ከሃልስ ደጅ ሰንሰለት ከምለምን ሜዳውን በጥርሴ ብለካው ይሻለኛል» አሉ። ከዚያም ከአቶ ኢኖክ ቤት ከበሩ ጀርባ የቆመውን ዘንግ ተውሰው ወጡ። አራት ዘንግ አንድ ሰንሰለት ነውና አራት ጊዜ አጋድመው እንጨቶቹን ተከሉ።

ዳሩ ግን በመንግሥት ሕግ አንድ ዘንግ አምስት ያርድ ተኩል ሲሆን፣ እንደ አቶ ኢኖክ ያሉ የደን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚለኩበት ዘንግ ስድስት ያርድ ነው። ሜዳው ሁለት ያርድ ተረፈው።

በጨዋታው ቀን ሕዝቡ፣ ሎይስም ጭምር፣ አምብሮዝን ለማየት ወጣ። ኳሳቸው ግን መሬት ነክታ፣ ደክማ፣ እንደ ጠገበች ዶሮ እየተንከባለለች ትደርስ ጀመር፤ መቺዎቹ ፒፓቸውን ሞልተው ለኩሰው ይጠብቋት ነበር። የእንግዶቹም ወርዋሪዎች እንደዚያው ተቸገሩ፤ እነርሱን ብሎ የመጣ ግን አልነበረም። ማታ ሎይስ ከአቶ ሴፕቲመስ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አምብሮዝ በሰንሰለታቸው ለክተው እንጨቶቹን ነቅለው እንደገና ተከሉ። ለማንም አልተናገሩም። አቶ ሴፕቲመስን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ብቻ ባርኔጣቸውን አንሥተው «ሴፕ፣ ሜዳው በዝናብ ተለጥጦ ነበር፤ ሰብስቤዋለሁ» አሏቸው።

አቶ ሴፕቲመስ ከሎይስ ጋር በ1952 ጋብቻቸውን ፈጽመው ሂልዳንና ኦስዊንን ወልደዋል። የአውራጃው ዋና ቀያሽ ሆነው እስከ 1988 ሠርተዋል፤ እርሳቸው ያላሰመሩት አጥር በሽሮፕሺር ቢኖር በጎች ያሰመሩት ነው። ትዳራቸውም የተባረከ ነበር፤ ሆኖም በእነዚያ ሁለት ያርዶች ላይ የቆመ እየመሰላቸው አንድ ቀን እንኳ በሙሉ ልብ አልተቀመጡበትም። አምብሮዝ አላገቡም፤ ይህም እንደ ትልቅ ማስፈራሪያ ተቆጥሮባቸዋል። ሎይስ በመከር ግብዣ ላይ በአምብሮዝ ቀልድ ከሳቀች የዚያን ሰሞን አቶ ሴፕቲመስ «ሥጋው ጨው የለውም» ይሉ ነበር። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ርቀት አቶ ሴፕቲመስ ዘወትር ይመነዝሩ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰንሰለት፣ አርባ አራት ዘንግ፣ ሁለት መቶ አርባ ሁለት ያርድ። በየትኛውም ቢመነዝሩት አልራቀላቸውም።

ባለፈው ክረምት በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ ስድሳ ዓመት ያነቃቸውን ጥያቄ አወጡት። «ሎይስ፣ ያን ቀን የሃልስ ኳስ ብትደርስ ኖሮ ከማን ጋር ትሄጂ ነበር?»

ወይዘሮ ሎይስ ሹራባቸውን ከመሥራት አላቋረጡም። «የአባቴን ዘንግ ይዘህ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጫፉን ስይዝለት ያደግሁት እኔ ነኝ፤ ስድስት ያርድ መሆኑ ይጠፋኛል? አምብሮዝ እንዲያምርበት ብፈልግ አፌን እከፍት ነበር።»

አቶ ሴፕቲመስ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። ከዚያ ጥቂት ጠቆር አለና «ታዲያ ያን ቀን ለምን አጨበጨብሽለት?» አሉ።

«በርዶኝ ነዋ።»

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 19 ቀን 2014፣ በተወለዱ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመጨረሻ ቃላቸው መቃብራቸው አምብሮዝ ለራሳቸው መቃብር ከገዙት ቦታ ያለው ርቀት ከአንድ ሰንሰለት እንዳያንስ የሚል ነበር። ቃሉን የፈጸሙት አቶ አምብሮዝ ራሳቸው ናቸው። ትናንት ያንኑ ሰንሰለት ይዘው መጡ፤ ዋርካ ከሚያህለው የጽድ ዛፍ ሥር ካለው ቦታቸው ጀምረው ዘረጉት፤ ጫፉ ከደረሰበት ግን አልፈው ሄደው ችካሉን መቱ። ቆፋሪው ተረፈ ቢላቸው «በያፕ ዘንግ ነው የለካሁለት፤ የሚሆነው እሱ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አቶ ሴፕቲመስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሎይስን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ለእነርሱ መጽናናትን፣ ለአቶ አምብሮዝም ዕድሜን ይስጥልን። የሰውን ልብ ያለ ሰንሰለት የሚለካ አምላክ ነፍሳቸውን ድንበር በማይገፋበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ሎይስ ከጎናቸው፣ ለአቶ አምብሮዝም፣ ጊዜው ሲደርስ፣ በዚያው መስክ ሁለት ያርድ ፈቀቅ አድርጎ ቦታ ያቆይላቸው።