ምርጫውን ለእንግዳው የሰጡት አምበል፦ አቶ ካስፓር ፎልመርት (1938–2019)

አቶ ካስፓር ፎልመርት ከአባታቸው ከሽቦ ጎታቹ ከአቶ ዮስት ፎልመርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴክላ ሃይነማን፣ በሌነ ወንዝ ዳር በምትገኘው በአልተንሌነ ከተማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1938 ተወለዱ። በዚያው ሳምንት በዚህች በቅድስት አጋታ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ፤ እዚሁ አገቡ፤ ልጆቻቸውንም እዚሁ አስጠመቁ። ዛሬ የምንሸኛቸውም ከዚሁ ነው።

አባታቸውን ጦርነቱ ሲወስድባቸው ገና ለትምህርት አልደረሱም ነበር። እናታቸው በሽቦ ፋብሪካው የጥቅል ማሰሪያ ክፍል እየሠሩ እሳቸውንና ታላቅ እህታቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። አቶ ካስፓር ስለዚያ ዘመን ችግር ብዙ መናገር አይወዱም ነበር። ሲጠየቁ የሚሉት ይህን ብቻ ነበር፦ «ኳሳችን የጨርቅ ነበረች። ዝናብ ከመታት ድንጋይ ነች። በጭንቅላት መምታት የተማርኩት በእሷ ነው፤ ትምህርት አልገባ ያለኝም በእሷ ሳይሆን አይቀርም።»

ትምህርቱ ግን ያን ያህል አልከበዳቸውም ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1952 በዚያው ፋብሪካ በሽቦ ጎታችነት ሙያ ተቀጠሩ። ወፍራሙን ሽቦ ከጠባብ ወደ ይበልጥ ጠባብ ቀዳዳ እየሳቡ ማቅጠን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የቸኮለ ይበጥሰዋል። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2001 ድረስ ከዚያ ሥራ አልተለዩም።

በኋላ ስለሆነው ነገር ለመናገር የፋብሪካውን አንድ ልማድ ማንሳት ያስፈልጋል። የዚህ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ያውቁታል፤ ወጣቶቹ ግን ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ የተወለዱ ናቸው። በመስኮቱ በኩል ያሉት ማሽኖች አየርና ብርሃን ያገኛሉ፤ የሽቦው ዝገት በሚታጠብበት በአሲዱ ገንዳ በኩል ያሉት ደግሞ ዓይን ያቃጥላሉ። ሁለት ሰዎች ለአንድ የመስኮት ማሽን ከደረሱ ሳንቲም ይወረወራል። የሳንቲሙን ገጽ የሚመርጠው ታዲያ ጉልበተኛው ወይም ቀድሞ የተናገረው አይደለም፤ ቤቱ ከፋብሪካው ይበልጥ የሚርቀው ሰው ነው። ለምን ቢባል፣ በበረዶው ብዙ የለፋው እሱ ነው። ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ሲጣስ አየሁ የሚልም የለም።

አቶ ካስፓር በ1955 ለከተማችን ክለብ ለሽፖርትፍሮይንደ አልተንሌነ ዋናው ቡድን ተሰለፉ። ቦታቸው መሃል ተከላካይ ነበር። ሩጫቸው ፈጣን አልነበረም፤ ግን ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ቀድመው ቆመው ይጠብቋት ነበር ይባላል። በ1961 አምበል ሆኑ። በተከታዩ ዓመት የቡድኑን በረኛ የአቶ አልፎንስ ድሬስን እህት ወይዘሮ ሜኽቲልድን አገቡ። አልፎንስ በሠርጉ ላይ ተነስተው፣ «ከኋላዬ የሚያልፍ ኳስ የለም፤ እህቴ ግን ከፊቴ አለፈችብኝ» ብለው እንግዳውን አስቀዋል። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ሳህን የሚበሉ ነበሩ።

በ1965 የበጋው ወር ክለባችን ለአገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። ዋንጫውን ያነሳው ቡድን ግን የሊጉም ሻምፒዮን ስለነበር ወደ ሻምፒዮኖቹ ውድድር ሄደ፤ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ላይ የቀረውን ቦታ ተሸናፊው ያዘ። ሽቦ ጎታቾችና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ያሉበት ቡድን ፈረቃ ተቀያይሮ አውሮፓ ወጣ።

የሉክሰምበርጉን ቡድን እዚህ አራት ለአንድ አሸነፉት፤ እዚያ ያለ ግብ ተለያዩ። ስኮትላንድ ሄደው አንድ ለአንድ ወጡ። አቶ ካስፓር ስለዚያ ጉዞ ሲያወሩ፣ «ጠዋት ገንፎ ሰጡን፤ ከሰዓት ሜዳቸውን ስናይ ያው ገንፎ ነው» ይሉ ነበር። በመልሱ እዚህ አንድ ለዜሮ አሸነፉ። ሩብ ፍጻሜው ከሀንጋሪ ቡድን ጋር ነበር፦ እዚያ አንድ ለአንድ፣ እዚህም አንድ ለአንድ። እንደ ዘመኑ ደንብ ሦስተኛው ጨዋታ በገለልተኛ አገር፣ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ በመጋቢት 1966 ተደረገ።

በባዝል ሜዳው ጭቃ ነበር። ሁለት ለሁለት ሆኑ፤ ጭማሪው ሰዓትም አልለያቸውም። አቶ አልፎንስ ጣታቸው ወልቆ በፋሻ አስረውት ነበር የሚጫወቱት፤ ያዳኑት ኳስ እስከ ዛሬ ይወራል። ያሸነፈ በቀጣዩ ዙር ከአንድ ታላቅ የእንግሊዝ ክለብ ጋር ይገናኛል። የአንድ ትልቅ ከተማ ክለብ ተጫዋች መልማይም አልፎንስን ለማየት ለዚያ ለቀጣዩ ጨዋታ ቀጠሮ ይዞ ነበር። የመለያ ምት ገና ያልተጀመረበት ዘመን ስለነበር የቀረው ዕጣ ብቻ ነበር።

የመሃል ዳኛው ከኪሳቸው አንድ የስዊስ ፍራንክ አወጡ። በአንዱ ገጽ ጋሻ የያዘች ሴት ቆማለች፤ በሌላው ገጽ ቁጥር አለ። ወደ አቶ ካስፓር ዞረው «ምረጥ» አሏቸው። አቶ ካስፓር ጎናቸው የቆመውን የሀንጋሪዎቹን አምበል ተመለከቱና፣ «ይኼ ሰውዬ ከእኛ ርቆ ነው የመጣው። እሱ ይምረጥ» አሉ።

ዳኛው አቶ ካስፓር ነገሩ ያልገባቸው መስሏቸው ደገሙላቸው። አቶ ካስፓርም ያንኑ ደገሙ። ሀንጋሪው ቋንቋ ስላልቻለ በጣቱ የሴትዮዋን ገጽ ነካ። ሳንቲሙ ተወረወረ፤ ሴትዮዋ ወጣች።

አልፎንስ ከግቡ እየሮጡ መጡ።

«ምን መረጥክ?»

«እኔ አልመረጥኩም። እሱ ነው የመረጠው።»

«ለምን?»

«ከሩቅ መጥቶ።»

አልፎንስም፣ «ካስፓር፣ ይኼ እኮ የመስኮት ማሽን አይደለም» አሉ። በመመለሻው ባቡር ላይ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ፉርጎ ሄዱ። ቀጠሮ የያዘው መልማይ ቀጣይ ጨዋታ ስላልነበረ አልመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ የአልፎንስ ጉልበት ተጎዳ፤ እሳቸውም በዚያው ፋብሪካ በጥቅል ማሰሪያው ክፍል አረጁ።

ክለባችን ከዚያ ወዲህ አውሮፓን አላየም። ታሪኩ ሰባት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፣ አምስት አቻ፣ ምንም ሽንፈት የሌለበት ነው፤ ግን ተባረረ። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ጊዜ እንዲነገረው ይጠይቃል።

ከተማው በአቶ ካስፓር ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ቄሱ በስብከት አመሰገኗቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ለአንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተካክላቸው ቃል አልተነፈሰም። ዳቦ ቤት ሲገቡ ሻጩ፣ «ማን ይቅደም? ከሩቅ የመጣ አለ?» ይላል። አቶ ካስፓርም፣ «አንተ ቅደም፤ ልብህ ገና ከባዝል አልተመለሰም» ብለው ዳቧቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቀልዱን ይችሉት ነበር። ያልቻሉት የአልፎንስን ወንበር ባዶነት ነበር። በየገናው በገበታቸው ላይ ለሚስታቸው ወንድም ሳህን ይቀመጥ ነበር፤ ሳህኑም ንጹሕ እንደሆነ ይነሳ ነበር።

ወይዘሮ ሜኽቲልድ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የድንች ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ወንድማቸው ቤት ይሄዱ ነበር። አንድ ጊዜ መሯቸው፣ «አንዱ አይጠራ፣ አንዱ አያንኳኳ፤ እኔ በሁለት ቤት መሃል መንገድ ሆኜ ልሙት?» ብለዋል። በ2011 ሲያርፉ አልፎንስ መጡ፤ ግን ከቤተሰቡ ጋር አልተቀመጡም። ከክለቡ ሰዎች ጋር ከኋላ ቆመው ቀበሯቸው።

በ2009 ክለቡ መቶ ዓመት ሲሞላው ኮሚቴው በክበቡ ግድግዳ ላይ «በአውሮፓ ያልተሸነፈ» ብሎ ለማጻፍ ተነሳ። አልፎንስ በስብሰባው ተነስተው፣ «ቡድኑ አልተሸነፈም፤ የተሸነፈው ካስፓር ነው። እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ሁሉም ወደ አቶ ካስፓር ዞረ። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «ልክ ነው። ቦታ ካነሰ ስሜን ብቻ ጻፉት» አሉ። ኮሚቴው ሳቀ፤ አልፎንስ ግን አልሳቁም። ግድግዳው ላይ በመጨረሻ የተጻፈው የጨዋታዎቹ ውጤት ብቻ ነው።

አቶ ካስፓር የሚቆጡ ሰው አልነበሩም። ጸሎታቸውን አጭር አድርገው፣ ዝምታቸውን ረጅም አድርገው የኖሩ ናቸው። ለምን ምርጫውን እንደሰጡ ስንት ሰው ጠይቋቸዋል፤ ጋዜጠኞችም መጥተው ነበር። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ልማዱ ነው።» አንዳንዱ ሞኝነት ነው ብሎ፣ አንዳንዱ ጽድቅ ነው ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ሁለቱንም አላሉም።

በ2018 የመከር ወራት ሳንባቸው ታመመ። የገናው በዓል ሳይደርስ አልጋ ያዙ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ሲናገር ታላቅ ልጃቸው ወይዘሮ ኢርምጋርድ አጎቷን ፍለጋ ሄደች። አቶ አልፎንስ በራቸው ላይ ቆመው ሰሟት፤ ከዚያም፣ «ለመታረቅ አልመጣም፤ ዕድሜዬ አልፏል። ግን አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እሱን ካላወቅሁ ደግሞ እኔም በሰላም አልሞትም» አሉ። ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏት።

አልጋው አጠገብ ወንበር ተደረገላቸው። ስለ ጤና አልጠየቁም፤ ስለ አየሩም አላነሱም።

«ካስፓር፣ ያን ዕለት አንተው ብትመርጥ ኖሮ ምን ትል ነበር?»

ይህን ጥያቄ ጋዜጠኛም፣ ቄስም፣ ልጅም ጠይቋቸው አያውቅም። ሁላችንም ለምን ሰጠህ ስንል ኖርን እንጂ፣ ባትሰጥስ ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። አቶ ካስፓር ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ቁጥር።»

«ቁጥር?»

«ሁልጊዜ ቁጥር ነው የምለው።»

«የወጣችው እኮ ሴትዮዋ ነች።»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ።»

አልፎንስ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያማ ብትመርጥም እንባረር ነበር።»

«እንባረር ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰውዬ?»

«አልጠየቅከኝማ። ሳልጠየቅ ብናገር ሰበብ ፍለጋ ይመስልብኝ ነበር።»

ወይዘሮ ኢርምጋርድ የአተር ሾርባ ከቋሊማ ጋር ስታቀርብ አልፎንስ፣ «ለሁለታችንም አድርጊው፤ እሱ ካልበላ የእሱንም እኔ እበላዋለሁ» አሏት። ሁለቱም በሉ። ከዚያን ዕለት ወዲህ አልፎንስ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ስለ ባዝል ደግመው አላወሩም፤ ስለ ጉልበት፣ ስለ ዘንድሮው ቡድን ድክመት፣ ስለ ሜኽቲልድ ያወሩ ነበር።

እኛ የቤተሰቡ አባላት ግን ነገሩን ማወቅ ስለፈለግን ከአቶ ካስፓር ጋር በፋብሪካው የሠሩትን አዛውንት አቶ ኤንገልበርት ሃርማንን፣ በእርግጥ ካስፓር ሁልጊዜ ቁጥር ይሉ ነበር ወይ ብለን ጠየቅናቸው። አዛውንቱ ሳቁ። «ካስፓር? እሱ መቼ መርጦ ያውቃል? ቤቱ እኮ የፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነው። ከእሱ የማይርቅ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ሌላው ሲመርጥ ቆሞ ያያል፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም የአሲዱ ገንዳ ነው።»

ይህን ሰምተን ለአቶ አልፎንስ መንገር ይገባ ይሆን፣ አይገባ ይሆን ብለን ተጨነቅን። በመጨረሻ ነገርናቸው። እሳቸውም፣ «እሱንማ ያን ዕለት ከአፉ ሳይወጣ አውቄዋለሁ። እኔ የት ያረጀሁ መሰላችሁ?» አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ስንላቸው፣ «ሰውዬው በዚያች በቀረችው ትንፋሽ አንድ ነገር ሰጠኝ። አልቀበልም ልበለው? ደግሞስ፣ እዚያ ቆሞ ሌላው ሲመርጥ እሱ በልቡ ቁጥር ይል እንደሆነ እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ጻፉት፤ ሰው ይስማው» አሉን። በፈቃዳቸው ጻፍነው። እውነቱን ግን አሁንም አናውቅም፤ የሰውን ልብ የሚያይ አንድ ብቻ ነው።

አቶ ካስፓር ፎልመርት በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ የካቲት 20 ቀን 2019 ከቀትር በፊት፣ በቤታቸው፣ ልጆቻቸውና አቶ አልፎንስ በተገኙበት አረፉ። ከእሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ወይዘሮ ኢርምጋርድና ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣ የልጆቻቸው ባሎች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ልጅ በሕይወት ይገኛሉ። እንዲሁም የባለቤታቸው ወንድም አቶ አልፎንስ ድሬስ፣ ዛሬ በፊተኛው ረድፍ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል።

ዕጣችን ሁሉ በእጁ የሆነ አምላክ የአገልጋዩን የካስፓርን ነፍስ በብርሃኑ ስፍራ፣ ከሜኽቲልድ አጠገብ ያሳርፍልን። ለቀረነውም ጥያቄያችንን ጊዜው ሳያልፍ የምንጠይቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።