ገጽ ሦስት፣ ስለ አባታችን

ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ፣ ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ? ደህና እንደሆንክ እገምታለሁ፤ የታመመ ሰው ሠላሳ ሁለት ገጽ ጽፎ አያሳትምም። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያዬ አያፈስም፣ ዓይኔ አሁንም ክር መርፌ ውስጥ ያስገባል፣ የማንም ሸክም አልሆንኩም። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጽሐፍህ ደረሰኝ። መጋቢው ራሱ ነው በሁለት እጁ ይዞ ያመጣልኝ፣ «እትዬ፣ የወንድምዎ ሥራ ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት» እያለ። «የአጥቢያችን የሃምሳ ዓመት ጉዞ»። ከሥሩ ደግሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል ተረት ለጥፈህበታል። ቆሜ ጀመርኩት፣ ገጽ ሦስት ስደርስ ተቀመጥኩ። መጋቢው ደስታ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

እስቲ ከገጽ አንድ ልጀምርልህ፣ እሱም ልክ አይደለምና። «አሥራ ሁለት ጽኑ ምዕመናን በአንድ ልብ ተሰብስበው አጥቢያችንን መሠረቱ» ትላለህ። አሥራ ሁለት ከየት አመጣህ? ሐዋርያት አስመሰልካቸው እኮ። ሰባት ነበሩ፤ ከሰባቱም ሁለቱ አይነጋገሩም። አንጥረኛው፣ ግንበኛው፣ አዋላጇ፣ «ጉሮሮ» የምንለው ዘማሪ ከነሚስቱ፣ አባዬና እማዬ። አንጥረኛውና ግንበኛው በድንበር ተጣልተው ስለነበር አንዱ ሲጸልይ ሌላው ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ልብ ያልከው ይኼንን ነው። «ትሑት ጎጆ» ብለህ ያለፍከውም የአዋላጇ ጎተራ ነው። ቆጡ ላይ የከረመ ገለባ ነበረ፣ ጉሮሮ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ራሳችን ላይ ይረግፍብናል። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አስታውሰዋለሁ። አንተ በሦስት ዓመትህ እማዬ ጀርባ ላይ ታንኮራፋ ነበር፤ አሁን ግን የታሪክ አዋቂው አንተ ሆነሃል።

ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የለም። አባዬ የፋኖሶቹ ኃላፊ ነበር። አምስት ፋኖስ። ላምባ ይሞላል፣ ክራቸውን በመቀስ ያስተካክላል፣ ብርጭቆአቸውን በጋዜጣ ይወለውላል፣ እሱው ይከፍታል፣ እሱው ይዘጋል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ፋኖስ ይሰቀላል እንጂ አይቀመጥም። ለዚያ ብሎ ከወራጁ ላይ አምስት ሰንሰለት አወረደ፣ ከገለባው ሙሉ ክንድ ዝቅ አድርጎ፣ በራሱ ቁመት ለክቶ። ቤት ውስጥ እንኳ ፋኖስ መሬት ላይ አስቀምጠን ካገኘን ራት ይከለክለን ነበር። ይኼንን አንተም አትክደውም።

እንግዲህ ገጽ ሦስት ላይ የጻፍከው ይኸውልህ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በፋኖስ ኃላፊው ቸልተኝነት አንዱ ፋኖስ ከሰንሰለቱ ወድቆ የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ከነመዝገቡ ተቃጠለ። ኃላፊው ጥፋቱን አምኖ ተቀጣ።» አለቀ። ስሙን አልጠራህም፤ ማዘንህ መሆኑ ነው። እዚህ አገር ስሙን የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል። ዓይንህን በጨው አጥበህ የገዛ አባትህን «ኃላፊው» ብለህ አለፍከው።

ከየት እንዳመጣኸውም አውቃለሁ። ከመዝገቡ ነው። አሮጌው መዝገብ ተቃጥሏል፤ አዲሱ የተከፈተው እሳቱ በጠፋ ሳምንት ነው፣ መጀመሪያ የተጻፈበትም የአባዬ ቅጣት ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ግድግዳውን ማን እንደለሰነ፣ አባዬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድል መብራት እንዳበራ፣ ሁሉም አመድ ሆኗል። ስለዚህ ይቺ አጥቢያ ታሪኳን ስትጠየቅ ከአባዬ ጥፋት ትጀምራለች። አንተም የተማርከው ሰው ቁጭ ብለህ ያንኑ ገለበጥክ።

«ተቀጣ» ያልከውን ደግሞ ልተርትርልህ፣ አንተ ከዚያ ወዲያ ከተማ ነበርክና። የተፈረደበት በአዲሱ ጸሎት ቤት በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ከሰው ሁሉ በኋላ ይገባል፣ ከሰው ሁሉ በፊት ይወጣል፣ ማንም አይጨብጠውም። ሽማግሌዎቹ «ለአንድ ዓመት» ነው ያሉት። ዓመቱ ሲሞላ ግን «ና ወደፊት» የሚለው ሰው ጠፋ። ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ «ሰዓቱ» የምንለው ሽማግሌ ጸሐፊው ይጠራዋል ብሎ ተወው፣ ጸሐፊው ሰዓቱ ይጠራዋል ብሎ ተወው። አባዬም ካልጠሩኝ አልነሳም አለ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የፈረዱበት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሞተው እሱ እዚያው ነበር። በበሩ የሚገባው ንፋስ አንድ ጆሮውን ደፈነው። እሱ እስኪሞት ድረስ ጥፋቱን ያመነ የለም፤ የተተኩትም ረስተነው ነው ይላሉ።

የመሰከረበት ደግሞ አንተ ነህ። አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። ከጠረጴዛው ፊት አቆሙህና «አባቴ ከውስጥ ሲወጣ አይቼዋለሁ፣ ቁልፉ በእጁ ነበር» አልክ። አባዬም «ልጄ እውነቱን ነው» አለ። ሌላ ምስክር አላስፈለገም። እኔ ከእማዬ ጎን ቆሜ ነበር፣ ባንቅህ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሴን ነከስኩብህ። ሠርግህ ላይ የቀረሁት አሞኝ አይደለም። የላክህልኝን ብርድ ልብስ ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያልኩ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት።

አሁን ስሕተትህን ላርምልህ። ፋኖሱ ከሰንሰለት አልወደቀም። የአባዬ ሰንሰለት ጥጃ ቢያንጠለጥሉበት አይበጠስም ነበር። ፋኖሱ አትሮንሱ ላይ ነው የተቀመጠው፣ በቀኝ በኩል፣ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ የመዝሙር ደብተሩ ፊደል እንዲታይ ተጠግቶ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ዝናብ ስለሚጥል ውስጡ ጨልሟል። ጉሮሮ «ድምፅሽ ለብቻው አይበቃም፣ ከኋላ ቁሚ» ብሎ በሰው ፊት ያሳፈራት ሰው፣ ብቻዋን ልትለማመድ ብትፈልግ፣ ቁልፉ ቤታችን የትኛው ሚስማር ላይ እንደሚንጠለጠል ብታውቅ፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ቢረዝምባት ፋኖሱን የት ታስቀምጣለች? ገጽ ለመግለጥ እጇን ስታነሳ እጅጌዋ ጨርቁን ይጎትተዋል። ፋኖሱ ተገልብጦ ላምባው በጨርቁ ወረደ፣ እሳቱም ምሰሶውን ያዘ። ገለባው ጋ እስኪደርስ አንድ መዝሙር እንኳ አያስጨርስም። ማን ነገረሽ አትበለኝ።

አባዬ ሲወጣ አየሁ አልክ፤ እውነትህን ነው። ሲገባ ግን አላየኸውም። ጭሱን አይቶ ከማሳ ሮጦ ነው የመጣው። በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ መስኮት መጀመሪያ ማንን ገፍቶ እንዳወጣ አላየህም። «ወደ ቤት ሂጂ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ አፍሽን ዝጊ» ሲል አልሰማህም። ከዚያ ቁልፉን ከወለሉ ላይ አንስቶ በፊት ለፊቱ በር ወጣ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

መጀመሪያ ላይ «አንድ ዓመት ነው፣ ያልፋል፤ አንቺ ገና ትዳር ይጠብቅሻል» ይለኝ ነበር። ዓመቱ አለፈ፣ ትዳሩም መጣ፣ ልጆችም ወለድኩ። ጉሮሮ ሲሞት ደግሞ መዘምራኑን የምመራው እኔ ሆንኩ። ልንዘምር ወደ ሕዝቡ ስንዞር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፍበት ሰው በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ዘመርኩ። አሥራ አንድ ዓመት እሱን እያየሁ ዘመርኩ። እሱም በደህናው ጆሮው ዘንበል ብሎ ይሰማኛል።

ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እግሩን ይዤ ልናገር ብዬ ለመንኩት። «ተይው» አለኝ። «አሁን ብትናገሪ ወንድምሽ አባቱን በሐሰት ያስፈረደ ይመስለዋል። ልጅ ነበር፣ ያየውን ነው የተናገረው። እውነት ተናገርኩ ብሎ ይኑር።» እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚሸፍነው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይኼን ስሰማ አልቅሼ አላባራሁም።

ይቅርታ ለመጠየቅ የጻፍኩልህ እንዳይመስልህ። ዛሬም ተናድጄብሃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?» ብለህ አልጠየቅከውም። ብትጠይቀው አይነግርህም ነበር፤ ቢሆንም መጠየቅህ ያስደስተው ነበር። ደግሞ ልንገርህ፣ ቀንቼብሃለሁም። አንተ ያየኸውን ተናግረህ ወደ ቤት ሄድክ፣ ራትህን በልተህ ተኛህ። እኔ ያን ዓይነት እንቅልፍ አላውቀውም።

ብዕር ሳነሳ ገጽ ሦስትን ቅደደው ልልህ ነበር። ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። እሁድ ለበዓሉ ስትመጣ እንደጻፍከው አንብበው፣ ድምፅህን ሳትቀንስ፣ «ኃላፊው» የምትለውንም ሳትዘል። ስትጨርስ «እንጸልይ» ብለህ እንዳትቸኩል። አትሮንሱን ልቀቅልኝና ከፊት ወንበር ተቀመጥ፣ ምንም ብል እንዳትነሳ። መጋቢውን አስፈቅጄዋለሁ። መርሐ ግብሩ ላይ ካንተ ንባብ ቀጥሎ «እህታቸው ይዘምራሉ» ተብሎ ተጽፏል። አልዘምርም።

መንገድህን ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ። ልጆችህን አባታቸውን ጠያቂ ያድርግልህ።

የፋኖስ አብሪው ልጅ፣
ታላቅ እህትህ