በእርጥብ እጄ

አሰላሙ ዓለይኩም ፋጤ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ይህን የምትጽፈው ልጃችን ዘሀራ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፌ ግን አልተለጎመም። እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። ዘሀራ እኔን ልትጦር ከማጀቴ ከተማ ተመልሳ መጥታለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። በጥሬው የሚቆርጠው ስለሌለ እየበሰለ ይወድቃል፣ ዝንብ ይወረዋል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያው ነው። ጥርሴ ግን ያው አይደለም።

በልጅነትሽ፣ በመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ወጥ ቤት ስትሠሪ፣ ህንዱ መሐንዲስ ጥሬ ማንጎ በጨው፣ በበርበሬ፣ በሰናፍጭና በአብሽ አሽቶ፣ ዘይት አፍስሶበት ፀሐይ ላይ ማቆየትን አሳየሽ። አቻር ይለው ነበር። ጣሊያኑ መካኒክ ደግሞ ቲማቲም በነጭ ሽንኩርት፣ በበሶብላና በአቼቶ ማጣፈጥን አስተማረሽ። ሳገባሽ ሁለቱንም ይዘሽብኝ መጣሽ። እኔ እንግዳ ፊት አፌዝኩብሽ፤ ይሄ የፍየል ቀለብ ነው፣ የእኛ የቀወት ገበሬ አይበላውም አልኩ። አንቺም ሳትቆጪ፣ እንግዲያው ፍየሉ ቀረብ ይበል ብለሽ ሰሃኑን ወደኔ ገፋ አደረግሽው። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ ጠርጌ በላሁት።

በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጣፈጠኝ አላልኩሽም። ባዶውን ሰሃን ታየዋለች፣ ይበቃታል ብዬ ነው። አይበቃም ነበር።

የአቻሩን ብልቃጥ ባነሳሁ ቁጥር ከጓዳ ትጮኺብኝ ነበር፦ እጅህን አድርቅ! ውሃ ከነካው ይሻግታል! እኔም ሴት አታዘኝም እያልኩ፣ ተደብቄ በሽርጤ እጠርግ ነበር።

ስትሄጂ አንድ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ተረፈ። የእጅሽ ነገር ከእርሱ በቀር አልቀረንም። ዘሀራ ለረመዳን ብቻ፣ ለሳንቡሳው ማባያ፣ በደረቅ ማንኪያ ጥቂት እያወጣች ትሰጠኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ቀን ፆም መፍቻው፣ መግሪብ ደርሶ እሷ ጎረቤት ዘገየችብኝ። ለሶላት ከምታጠብበት ከውዱእ ተነስቼ፣ ውሃው ከክርኔ እየተንጠባጠበ፣ እጄን ብልቃጡ ውስጥ ከተትኩት። ከጓዳ የጮኸብኝ የለም።

በሳምንቱ ነጭ ሻጋታ ለበሰ። ዘሀራ፣ ክዳኑን አላጠበቅኩት ይሆናል ብላ አለቀሰች። እኔም፣ አዎ፣ የእናትሽን እጅ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ልጄን እንዲህ አልኳት፣ ፋጤ። እስከዛሬም ዝም አልኩ።

እውነቱን ገና አሁን መስማቷ ነው። እስክሪብቶው ቆሞ ነበር። ጻፊ ብያታለሁ፦ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። አሁን እየጻፈች ነው።

ከማንጎው ያልበሰለውን ነገ ለአቻር እንቆርጣለን። አብሹ ይቅደም ሰናፍጩ፣ ሁለታችንም አናውቅም። ያንቺን ያህል እንደማይሆን አውቃለሁ።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ጣፍጦኝ ነበር፣ ሁሉም፣ የፍየሉም ቀለብ። ዛሬ የምነካው አቻር ባይኖርም፣ ከውዱእ ስነሳ ቀኝ እጄን በሽርጤ ደህና አድርጌ አደርቃለሁ። አልደበቅም፣ ዘሀራ እያየችኝ ነው። እስክንገናኝ ድረስ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ እንዲህ አስታውስሻለሁ።