እታለም ወፍራ አልነበረም

«እታለም ከእኔ ቤት ስትወጣ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ነበር። እናንተ ዘንድ ወር ሳትሞላ አጥንቷ ወጣ። የሚበላ ብትነፍጓት ነው። ሕክምና እያላችሁ አታሰቃዩብኝ፤ ባስቸኳይ መልሷት።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም። ቢሆንም ሰላምታ የእግዜር ነውና፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው፤ ከእታለም በቀር። እሷን በረሃብ እየገደልናት ነው አሉ።

ዕድሜህን ሙሉ ፎቶ ቤት ከፍተህ የሰው ፊት እያየህ ትኖራለህ። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችህን የእህትህን ፊት ግን ማየት ተሳነህ። ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ዓይኗ እስኪጠፋ ሲያብጥ «ተመችቷታል» አልክ። የሸሚዟ አንገት አልቆለፍ ሲል «ጠግባለች» አልክ። ቀለበቷ አልወልቅ ሲል ሳቅህ። ትራስ ካልደራረበች መተኛት ሲያቅታት «እመቤት ሆናለች» ብለህ ለዘመድ አወራህ። ጎንበስ ስትል ጭንቅላቷ ሊፈነዳ እንደሚደርስ ነግራህ ነበር። ከሁሉ የሚብሰው ግን ያነሳሃት ፎቶ ነው። አንገቷና ደረቷ ላይ እንደ ገመድ የተገተሩትን ደም ሥሮች በኮምፒውተርህ ጠርገህ «ውበቷን እዩልኝ!» ብለህ ላክህልን። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት «ወንድማችሁ ምልክቱን አይቶታል ማለት ነው» አለች። አዎ፣ አይተህ ነው ያጠፋኸው።

እንግዲህ ቀስ ብዬ ላስረዳህ፤ ሁለተኛ አልጽፈውም። ከራስ፣ ከአንገትና ከእጅ የሚመለሰውን ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያወርድ አንድ ትልቅ ደም ሥር ደረታችን ውስጥ አለ። ግድግዳው ስስ ነው። አጠገቡ ዕጢ ሲያድግ ይጨፈለቃል፤ ደሙም መውረጃ አጥቶ ከላይ ይጠራቀማል። ፊት የሚያብጠው፣ ድምፅ የሚሻክረው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሳንባ ወይም የንፍፊት ካንሰር ነው፤ አንዳንዴም ደም ሥር ውስጥ በቆየ የሕክምና ቱቦ ሳቢያ የረጋ ደም ይሆናል። ከእታለም ዕጢ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሞቹ በብሽሽቷ በኩል ገብተው የጠበበው ቦታ ላይ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ አስቀመጡላት። ደሙ መንገድ ሲያገኝ ፊቷ ወዲያው መጉደል ጀመረ። ቀለበቷን በገዛ እጇ አውልቃ ለባለቤቴ ስታሳያት እንደ ልጅ ሳቀች። አንተ ከዚህ የላክንልህን ምስል አይተህ «አጥንቷ ወጣ» ብለህ ያለቀስክለት የራሷ ፊት ነው። ረስተኸዋል እንጂ ድሮም እንዲህ ነበር።

ስቴንቱ ግን መንገዱን ከፈተ እንጂ ዕጢውን አላጠፋም። እሱን የሚያጠፋው ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ነው። ሐኪሟ፣ ይህ ዓይነቱ ለመድኃኒት የሚበገር ነው፣ ግን አይዘግይ ብላለች። ጥቅምት 18 ቀን ሊጀመርላት አልጋ ተይዟል። አንተ ደግሞ በስልክ «አክስተው ሊገድሉሽ ነው፣ ነይ» ስላልካት ሻንጣዋን ሸክፋ ተቀምጣለች። እኔ ለመንኳት፤ ባለቤቴ ለመነቻት፤ ሐኪሟ አጠገቧ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳቻት። መልሷ «የኔ ልጅ አይሆንም ብሏል» ነው። እኔ ወንድሟ ነኝ፤ አንተ ልጇ ነህ። የእኔ ዲግሪና የሐኪሟ እውቀት ተደምሮ ያንድ ፎቶ አንሺ ወሬ ያህል አልመዘነም።

ስለዚህ ይቅርታህን አልፈልግም፤ ማብራሪያህንማ ጭራሽ። የምፈልገው የእጅ ጽሑፍህን ነው። «እታለም፣ ተሳስቻለሁ፤ እዚያው ሁኚና ታከሚ» ብለህ ጻፍላት። በስልክ እንዳትሞክረው። ድምፅዋን ስትሰማ ታሳዝንህና «በቃ ነይ» ትላታለህ፤ አውቅሃለሁ።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እስካሁን ችላህ መኖሯን አደንቃለሁ። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ ይበርታ፤ አባቱንም አይምሰል። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ እታለም ስሟን ሳታነሳ አትውልም። ባለቤቴና ልጆቼ ሰላም ብለውሃል።

ይህን ያደረሰልህ የአውቶቡስ ሹፌር ጥቅምት 14 ቀን ጠዋት ወደዚህ ይመለሳል። ከመነሳቱ በፊት የጻፍከውን በእጁ ስጠው። ባዶ እጁን ከመጣ ግን ያንን ያነሳሃትን ፎቶ በትልቁ አትመው፤ ለቀብሯ ያስፈልገናል።

ታላቅ ወንድምህ
ከቤቴ፣ ጥቅምት 5 ቀን