ለዱባው የተሰጠው የልጄ ወንበር

ለተከበሩ ወይዘሮ ግሌንዳ ፍሪዘን
የፌርሊ ከተማ የሕፃናት ማቆያ ዳይሬክተር
ፌርሊ፣ ሳስካቹዋን

ግልባጭ፦ ለፖስታ ቤቱ በር፣ ለበረዶ መጫወቻው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ቆሞ ለሚያነብም ሁሉ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በመከር በዓሉ ላይ የተሸለመው ዱባዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ደኅና ነን፤ በልጄ በዳኒሎ አንገት ላይ የነበረው ቀይ ሰንበር ከአራት ቀን በኋላ ጠፍቷል። እስከ ዛሬ ስለ ጤንነቱ ያልጠየቁት ሥራ በዝቶብዎት መሆኑን ስለምረዳ፣ ሳልጠየቅ በመመለሴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ሰኞ በልጄ ቦርሳ ውስጥ አጣጥፈው የላኩልኝን ቅጽ በታላቅ አክብሮት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቅጹ ከአሥራ ስምንት ኪሎ በላይ የሆነ ልጅ በማቆያው ሚኒባስ ሲጓዝ ከፍ ማድረጊያ ላይ፣ ማለትም የራሱ ማሰሪያ በሌለው መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጦ በአዋቂ ቀበቶ እንዲታሰር መስማማቴን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ይጠይቃል፤ እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ ደግሞ የዳኒሎ ቦታ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ በትሕትና ያሳውቀኛል። ከእርስዎ ሌላ ማቆያ ለማግኘት ሰማንያ ኪሎ ሜትር መንዳት እንዳለብኝ፣ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሥራዬም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንደሚጀምር ያውቃሉ። ይህን ሁሉ እያወቁ አምስት ሙሉ ቀን ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ቢባልም፣ ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ልጄ ዕድሜ። ዳኒሎ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል፣ ቁመቱም አንድ ሜትር አልፏል፤ ይህ የባለቤቴ የኦረስት ወገኖች ጥፋት ነው፣ እነሱ በር የሚገቡት ሁሉ አጎንብሰው ነው። ሱቅ ስንሰለፍ ሰዎች “ትምህርት ቤት ገባህ እንዴ አንተ?” ብለው ሲጠይቁት አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያያቸዋል። ገና ዳይፐር ያደርጋል፤ የጨርቅ ጥንቸሉን ሳያቅፍ አይተኛም። እርስዎ ግን ገና የመጀመሪያ ቀን ሲያዩት “ይሄማ ጎረምሳ ነው እኮ!” ብለው ከአራት ዓመት ልጆች ጋር አሰለፉት። እኔ በሁለት ዓመት ያልቻልኩትን በአንድ ጠዋት አሳድገው ስለሰጡኝ ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ መኪና የሕፃን ወንበሩ። እኔና ዳኒሎ ሜትር ይዘን ሳስካቱን ከተማ ሦስት ሱቅ ዞረናል፤ አሥራ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሦስቱ ላይ አልቅሷል። አንዱ ሻጭ “ለዚህ ግዙፍ ልጅ ከፍ ማድረጊያ ይበቃዋል፣ ምን ያደክምሻል?” ብሎኝ ነበር፤ የእርስዎ ዘመድ መስሎኝ ስሙን ጠየቅሁት፣ አይደለም። በመጨረሻ የሄድኩት በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በእሳት አደጋ ጣቢያው ግቢ የልጆችን ወንበር በነጻ ወደሚመረምረው ወደ ከርክ ላፎንድ ነው። ከርክ የልጄን እግር ትቶ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ለካና “እግሩ ቢረዝም ይርዘም፣ ዋናው ትከሻው ከላይኛው የማሰሪያ ቀዳዳ እንዳያልፍ ነው” አለኝ። ቀጥሎም “ስሚኝ ሌስያ፣ አጥንት በኪሎ አይበስልም። ትልቅ ነው እንጂ ትልቅ ሰው አይደለም። ዳሌው ገና ለጋ ነው፣ ያ ቀበቶ ሆዱ ላይ ይወጣበታል” አለ። እስከ ሠላሳ ኪሎ የሚይዝ፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና የእግሮቹን መሐል በአምስት ማሰሪያ የሚይዝ ወንበር የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ውስጥም በጉልበቱ ተጭኖ የገጠመልን ራሱ ከርክ ነው።

እርስዎ በቅጹ ላይ የጠቀሱት አሥራ ስምንት ኪሎ ከከፍ ማድረጊያው መመሪያ የተወሰደ መሆኑን አይቻለሁ። ከዚያ መስመር ቀጥሎ ልጁ ቢያንስ አራት ዓመት የሞላው ይሁን የሚል ሌላ መስመር አለ፤ የመጀመሪያውን ሲያነቡ ደክሞዎት ይሆናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱን እኔ አግኝቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ካፖርት። ጊዜ እንዳይባክን ልጆች የበረዶ ካፖርታቸውን እንደለበሱ እንዲታሰሩ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ከርክ ዳኒሎን ከነካፖርቱ አስሮ፣ ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ማሰሪያውን ሳያጠብቅ መልሶ ሲቆልፈው፣ በልጄና በማሰሪያው መሐል ሁለቱ ቡጢዎቼ ገቡ። ይህን እንዲያዩ ስጋብዝዎ “እኛ በፒክአፕ ጀርባ ተጭነን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?” ብለውኛል። ምን እንደሆናችሁ ለመናገር አክብሮቴ አይፈቅድልኝም።

አራተኛ፣ ስለዚያ ሐሙስ። ልጆቹን ወደ ዱባ እርሻ ስለወሰዱልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሆነውን የነገሩኝ ጡረታ ወጥተው ሚኒባስዎን የሚነዱት አቶ ዌንደል ናቸው። ለመከር በዓሉ ውድድር የመረጡት ዱባ በመመለሻው ላይ ማስቀመጫ አጣ፤ መሬት ላይ ከተቀመጠ እየተንከባለለ ይቧጠጣል። እርስዎም ዳኒሎን ከወንበሩ አንስተው ዱባውን በቦታው አሰሩት፣ ልጄንም ኋላ ካለው ከፍ ማድረጊያ ላይ አስቀመጡት። አቶ ዌንደል “ኧረ ግሌንዳ፣ ልጁ ሕፃን ነው፣ ተይ!” ብለዋል፤ እርስዎም “እሱ ትልቅ ነው፣ ምንም አይሆንም፣ አንተ ንዳ!” ብለዋል። ከከተማው መግቢያ አጠገብ አጋዘን መንገዱ ውስጥ ዘላ ገባች፣ አቶ ዌንደልም ፍሬን ያዙ። ዳኒሎ በቀበቶው ሥር ሾልኮ ወረደ፣ ቀበቶውም አንገቱ ላይ ያዘው። ወርደው ያላቀቁት ሽማግሌው ናቸው።

እኔ ልወስደው ስመጣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው “ዱባው እንዳይቧጠጥ ብዬ እኮ ነው” አሉኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እርስዎም ለማሸት አልሞከሩም። በውድድሩ ዕለት ደግሞ ከዱባው ላይ የተንጠለጠለችውን ካርድ አነበብኩ፤ ክብደት፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ። ልክ እንደ ልጄ። በራስዎ ቅጽ መሠረት ከፍ ማድረጊያ ላይ መቀመጥ የነበረበት ዱባው ነበር።

ዳኒሎ ገና ሦስት ቃል ነው የሚገጣጥመው። ከዚያ ቀን ወዲህ የቤታችን መኪና ውስጥ በገባ ቁጥር ወንበሩን በእጁ እየመታ “ዱባ የኔ ወሰደ” ይላል፤ እኔም አንድ ቀን መንገድ ዳር አቁሜ አልቅሻለሁ። ዳኛም ቢሆን ከእነዚህ ሦስት ቃላት የተሻለ አይፈርድም።

ስለዚህ ቅጹን ሳልፈርምበት፣ እንደላኩልኝ አጣጥፌ፣ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ዓርብ ቦታውን ይወስዱብኝ ይሆናል፤ ሥራዬንም ላጣ እችላለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ያንን ሰንበር ሁለተኛ ከማይ ግን ከሥራዬ ብባረር ይሻለኛል። ልጄ በእርስዎ ሚኒባስ የሚሄድ ከሆነ በራሱ ወንበር፣ በአምስቱም ማሰሪያ ይሄዳል፤ ካልሆነ አይሄድም። ሌሎቻችሁ ወላጆችም ይህን ቆማችሁ የምታነቡ፣ ቅጹ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ የከፍ ማድረጊያውን መመሪያ አውጥታችሁ ሁለተኛውን መስመር ፈልጉ።

ለልጄ ዕድሜ ለጨመሩለት፣ ለዱባዎ የእናት ያህል ለሚጨነቁት ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜና ጥሩ ፍሬን ያለው ሚኒባስ የምመኝልዎ፣

ሌስያ ሁዲማ
የአሥራ ዘጠኝ ኪሎው ሕፃን እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከርክ ያስተማረኝ አንድ መፈተኛ አለ፤ ማሰሪያው ከተጠበቀ በኋላ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ይሞከራል፣ ከተቆነጠጠ ላልቷል ማለት ነው። ያን ሐሙስ ወንበሬን ለመውሰድ የሚኒባሱን በር ስከፍት ዱባው ገና እንደታሰረ ነበር፤ ማሰሪያውን ሞከርኩት፣ አልተቆነጠጠም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ፣ ክብርት ሆይ፣ አያውቁበትም ብዬ ይቅር ልልዎት አስቤ ነበር።